ክኒኑን ሰጣችሁን፣ የሚበላውን ማን ይንገረን?

‹‹ሰፈሩ ዶሮ ማነቂያ ተባለ እንጂ ሰው ማነቂያ አልተባለም እኮ!›› አለች አክስቴ፣ ትንታው ለቀቅ ሲያደርጋት፡፡ የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር፡፡ ጎረቤታችን በፍቅር የጠቀለሉላት የዶሮ ወጥ ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ቤቱን ሁሉ አስደንግጦ ነበር፡፡ ሁላችንም ሳቅን፡፡ የእኔ ሳቅ ግን ከጥርሴ አላለፈም፡፡ እጇ ሲንቀጠቀጥ ማየቱን ለምደነዋል፤ ጉሮሮዋም እንደ እጇ አልታዘዝ እያላት መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው፡፡

አክስቴ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ናት፡፡ በሽታው አዲስ አይደለም፡፡ ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 ጽፎበታል፡፡ መሐመድ አሊን የሚያህል ቡጢኛ ያንቀጠቀጠውም እሱው ነው፡፡ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ሰውነት ይገታል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ መዋጥ ያስቸግራል፡፡ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፡፡ ዋነኛው ማስታገሻ ሌቮዶፓ የሚባለው ነው፡፡

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚሻገርበት በር፣ የበላነው ፕሮቲን ልሞ የሚያልፍበት በር ነው፡፡ ሁለቱ አንድ ላይ ከደረሱ እንደ ማታ የታክሲ ግፊያ ይጋፋሉ፤ ብዛት ያለው ቀድሞ ይገባል፣ ክኒኑ ደጅ ይቀራል! ስለዚህ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይም ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል፡፡ (ባዶ ሆዱን የሚያቅለሸልሸው ሰው ትንሽ ደረቅ ዳቦ ቢቀምስበት አይከፋም፡፡) ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብልም ሌቮዶፓውን አስሮ ስለሚያስቀርበት የሁለቱ ሰዓት መራራቅ አለበት፡፡

ይህን ማን ነገረን? ማንም! አክስቴ አንድ ዓመት ሙሉ የጠዋቱን ክኒን የምትውጠው ከእንቁላል ፍርፍሯ ጋር ነበር፡፡ አምስት ሰዓት ሲሆን ወንበሯ ላይ እንደ ሐውልት ትቀራለች፡፡ እኛ ‹‹በሽታው ጠናባት›› አልን፡፡ ጎረቤት ‹‹ክኒኑን ጣሉና ጸበል ውሰዷት›› አለ፡፡ (ጸበሉን ማን ጠላ? ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ግን ለሕይወት ያሰጋል፡፡) ሐኪሙ ላይ ብዙም አልፈርድም፤ ደጁ ላይ ሌላ ሰልፍ ነበረበት፡፡ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ‹‹በቀን ሦስቴ›› ብሎ ጻፈልን፡፡ በቀን ሦስቴ! ለመሆኑ ሐበሻ ‹‹በቀን ሦስቴ›› ሲባል ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር እንደሚውጥ የማያውቅ አለ? በመጨረሻ የነቃነው ውጭ አገር ነርስ የሆነች ዘመዳችን በስልክ ‹‹ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው?›› ብላ ስትጠይቀን ነው፡፡

ጾሙ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው፡፡ አክስቴ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ክኒኑንም እስከዚያ አትነካም፡፡ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክኒኑና ሽሮው ተያይዘው ይወርዳሉ፡፡ የጾም ምግብ ‹‹ቀላል ነው›› እንላለን እንጂ ሽምብራውም፣ ምስሩም፣ ባቄላውም ፕሮቲን አለው፡፡ የገላገሉን የነፍስ አባቷ ናቸው፡፡ ‹‹የታመመ ሰው መድኃኒቱን ቢውጥ ጾም ሻረ አይባልም፣ ልጄ›› አሏት፡፡ ሐኪም ቤት ያጣነውን ምክር ከቄስ አገኘነው!

ባቄላን ካነሳን አይቀር... ሌቮዶፓን ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1913 ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው፡፡ ሰውዬው 2.5 ግራም ራሱ ላይ ሞክሮ አስመልሶታል፡፡ ለፓርኪንሰን መዋል የጀመረው ግን በ1960ዎቹ ነው፡፡ ይህን ያወራሁለት አንድ ወዳጄ ‹‹ታዲያ ለክኒን ምን ያስከስራችኋል? እሸት ባቄላ አትገዙላትም?›› አለኝ፡፡ ቀስ ጎበዝ! እሸቱና በቆልቱ ከደረቁ ባቄላ ይልቅ ሌቮዶፓ አላቸው፤ መጠኑ ግን በዓይን አይለካም፡፡ በክኒኑ ላይ ሲደረብ ሰውነትን ያለ ፈቃዱ ሊያወራጨው ይችላል፡፡ እሸቱን የምትወድ ሰው ትብላ፣ ብዙ የምትበላ ከሆነ ግን ሐኪሟ ይወቅ፡፡

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፡፡ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፡፡ ቤቱ ደሳሳ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፤ ለጭቃ ግድግዳ ጠበቃ አልቆምም፡፡ ነገር ግን አክስቴ እዚያ ግቢ ውስጥ ‹‹የአመጋገብ ባለሙያ›› ነበራት፡፡ አንዷ ጎረቤት አጥሚት ታመጣለች፣ ሌላዋ ገንፎ ታገነፋለች፣ የሱቁ ልጅ ሰዓቱን አይቶ ‹‹እትዬ፣ ክኒን!›› ብሎ ይጮኽላታል፡፡ ዛሬ ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፡፡ እኔ ሥራ ስውል ክኒኑን የሚያስታውሳት፣ ወጡን የሚያለሰልስላት የለም፡፡ ሰው ሲያነሱ ቤት ለቤት ይቀያየራል እንጂ እነዚያን ሦስት ጎረቤቶች በካርታው ላይ ማን መዘገባቸው?

መንገድ ዳር የመብራት ምሰሶ ለመደርደር ገንዘብ ያላጣች ከተማ፣ ከክኒኑ ጋር የምትሰጥ አንዲት ወረቀት ማሳተም አቃታት? ሰዓቱን ትጻፍልን፡፡ ሥጋውና እንቁላሉ በአብዛኛው ወደ ማታ ይሁን ትበል፤ ጨርሶ መተው ግን ያከሳልና ይህም ይጻፍ፡፡ ለድርቀት ውኃ፣ ጎመን፣ ተልባ፡፡ መዋጥ ላስቸገረው ቆሎና ቁርጥ ይቅር፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ወፈር ያለ ነገር በትንሽ በትንሹ ይጉረስ፡፡ ራሳቸው ታማሚ የሆኑት ወ/ሮ ክብራ ከበደ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ድርጅት አቋቁመው በየመድረኩ ሲጮኹ ሰምተናል፡፡ የታማሚን ጩኸት ለታማሚ ብቻ ትቶ የሚቀመጥ ጤና ቢሮ ምን ይባላል?

ባለፈው እሑድ ያቺ የፋሲካዋ ጎረቤታችን ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ አራት ፎቅ ወጥተው መጡ፡፡ ያለፈውን አልረሱትምና ጉርሻውን አሳንሰው፣ ወጡን አርሰው አቀረቡላት፡፡ አክስቴ አየችና፣

‹‹ምነው አንቺ፣ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ጉርሻውም ጠበበ?›› አለቻቸው፡፡