«ወባ ነው» ከማለት በፊት

ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረደ ጐልማሳ ትኩሳት ይዞ ሲመለስ፣ የመንደሩ ፍርድ «ወባ ነው» የሚል ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ሲሞት፣ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

ይህን በሽታ የወባ ክኒን አይነካውም፤ ካልታከመም ይገድላል። የራሱ መርፌ በበኩሉ ልብንና ቆሽትን ሊጐዳ ስለሚችል በግምት የሚወጋ አይደለም። ከጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራም በሕንድ አገር የሚታመነውን ያህል በእኛ ዘንድ አይታመንም፤ የሕመምተኛው ጣፊያ አብጦ ሳለ ምርመራው «የለም» ቢል፣ ከጣፊያው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ይኖርበታል። ይህ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለምና ወደ ጎንደር መላክ ያስፈልግ ይሆናል። እኛ እንደሚመስለን ግን የጤና ጣቢያው የመጀመሪያ ጥያቄ «ክረምቱን የት ነበርህ?» ሊሆን ይገባዋል።