የባላጋራው ላብ

በጃፓን አኒሜ ጀግናው ሲጠነክር እናያለን፤ ባላጋራው ሲጠነክር ግን ይነገረናል። ጀግናው ድንጋይ ሲሸከም፣ ወድቆ ሲነሳ፣ እጁ ሲደማ ክፍል በክፍል እየተከታተልን አብረነው እንደክማለን። ባላጋራው ግን ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ኃይሉ ሞልቶ ተርፏል። ከየት አመጣው ብለን ስንጠይቅ እንዲሁ ተወለደ እንባላለን፤ ወይም ሌላውን በላ፣ ዋጠ፣ ሰረቀ። ለደራሲው ይህ ይመቸዋል። ላቡን አፍስሶ የለፋን ሰው መጥላት ስለሚከብድ፣ የባላጋራውን ልፋት ከዓይናችን መሰወር ሥራውን ያቀልለታል። ለእኔ ግን ስለ ተሰጥኦና ስለ ልፋት እውነቱን ፊት ለፊት የነገሩኝ ባላጋራዎቹ ናቸው። ጀግኖቹ ይህን እውነት ሊነግሩን የሚችሉ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ታሪኮች በጣም የታወቁት የወጡት ሾኔን ጃምፕ በተባለው የጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሙ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ሦስት ቃላት አሉ፤ ወዳጅነት፣ ጥረት፣ ድል። መካከል ላይ ያለው ጥረት ለአንባቢው የተገባ ቃል ነው። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ልጅ ከለፋ፣ በትልቅ ቤት የተወለደውን ይረታል ማለት ነው። ቃሉ ግን ብዙ ጊዜ ታጥፏል። ማሳሺ ኪሺሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ባሳተመው ናሩቶ መጀመሪያ ላይ፣ ናሩቶ ወላጅ የሌለው፣ ፈተና የሚወድቅ፣ መንደሩ ሁሉ የሚሸሸው ልጅ ነው። ሰው ዕጣውን ይዞ ይወለዳል የሚለውን ኔጂን በቡጢ ሲረታው ልባችን ሞልቶ ነበር። ታሪኩ ሲገፋ ግን ናሩቶ የመንደሩ መሪ የነበረው የአራተኛው ሆካጌ ልጅ መሆኑ ታወቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ የኒንጃ ጥበብ አባት የሚባለው ጠቢብ የወለደው ልጅ መንፈስ በእሱ ዳግም መወለዱ ተነገረን። በክርክሩ የተረታው ኔጂ በስተመጨረሻ ትክክል ሆኖ ተገኘ። በዋን ፒስም የጀግናው የሉፊ አያት የባሕር ኃይሉ ጀግና፣ አባቱ የአብዮተኞቹ መሪ ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀግናው ማሸነፍ አለበት። እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነለት ሰው ልፋቱ ይበቃው እንደሆነ በእውነት አይፈተንም፤ ልፋቱ ቢያንስ ደራሲው የዘር ሐረግ ይፈልግለታል። ባላጋራው ግን ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ «የምችለውን ሁሉ ሠርቼስ ባይበቃ?» የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ተሸክሞ መሄድ የሚችለው እሱ ነው።

ይህን ጥያቄ ከኮኩሺቦ አብልጦ የተሸከመ ባላጋራ አላውቅም። ኮኩሺቦ የኮዮሃሩ ጎቶጌ ፍጥረት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በ205 ምዕራፎች በተቋጨው ዲመን ስሌየር ውስጥ፣ ከአጋንንቱ አለቃ ከሙዛን ሥር ካሉት የበላይ የሆነ፣ ስድስት ዓይን ያለው ሰይፈኛ። ሰው ሳለ ስሙ ሚቺካትሱ ነበር። የጃፓን የጦር ጌቶች እርስ በርስ በሚዋጉበት ዘመን፣ ከሳሙራይ ቤት መንታ ሆኖ ተወለደ። መንታ መወለድ እንደ ክፉ ምልክት ይታይ ስለነበር፣ ግንባሩ ላይ ምልክት ይዞ የመጣው ወንድሙ ዮሪኢቺ በጠባብ ክፍል ተገልሎ አደገ። ሰባት ዓመት እስኪሆነው ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ደንቆሮ ነው ብለውት ነበር። ሚቺካትሱ ያዝንለት ነበር። በገዛ እጁ የሠራትን ዋሽንት ሰጥቶ፣ ሲቸግርህ ንፋት፣ እኔ እደርስልሃለሁ አለው።

አንድ ቀን ዮሪኢቺ ድንገት አፉን ፈትቶ እኔም ሳሙራይ መሆን እፈልጋለሁ አለ። ሚቺካትሱን ሰይፍ የሚያስተምረው ሰው እንደ ቀልድ የልምምድ ሰይፍ አስጨብጦ አያያዙን አሳየው። ልጁ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ አራት ቦታ መታው፤ አንገቱን፣ ደረቱን፣ ሆዱን፣ እግሩን። መምህሩ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሚቺካትሱ ያን መምህር ቀን ከሌት ተለማምዶ አንድም ጊዜ መትቶት አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ዮሪኢቺ ሰው መምታት ደስ እንደማይል፣ ሰይፍ ከመያዝ ከወንድሙ ጋር መጫወት እንደሚሻለው ተናገረ። ሚቺካትሱ ሕይወቱን የሰጠለት ነገር ለወንድሙ ከልጅ ጨዋታ ያነሰ ነበር።

በየቤታችን ካርድ በወጣ ቁጥር «ወንድምህ ስንተኛ ወጣ?» እየተባለ ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳያጠና አንደኛ የሚወጣ ወንድም ያለው ልጅ የሚያቃጥለው ውጤቱ ብቻ አይደለም። ወንድሙ ለአንደኝነቱ ደንታ የሌለው መሆኑም ያቃጥለዋል። ጎቶጌ ይህን ስሜት አላቃለለችውም፤ ቅናት ብላ በአንድ ቃል ዘግታ አላለፈችውም።

ሁለቱም አድገው አጋንንት አዳኝ ሆኑ። ዮሪኢቺ ማንም ሳያስተምረው ይተነፍሰው የነበረው የፀሐይ ትንፋሽ ለሌሎቹ ስልቶች ሁሉ ምንጭ ሆነ፤ የሚያውቀውንም ሳይሰስት አስተማረ። ሚቺካትሱ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ተከተለው፤ ለፋ፣ ደከመ፣ የፀሐይን ስልት ግን መያዝ አልቻለም። ያገኘው የጨረቃን ነበር። ከዚያ ደግሞ ኃይላቸው ሲያድግ በሰውነታቸው ላይ ምልክት የወጣባቸው አዳኞች ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ታወቀ። ያን ጊዜ ሚቺካትሱን ያስጨነቀው የልምምድ ጊዜው ማለቁ ነው። ሙዛን ቁስሉን አይቶ ቀረበው፤ ጋኔን ብትሆን ዕድሜህ ማለቂያ የለውም አለው። ሙዛን ደሙን ለብዙዎች ሰጥቷል፤ ብዙዎቹም የፈለጉት ከሞት ማምለጥ ወይም ጉልበት ነበር። ሚቺካትሱ የፈለገው ወንድሙ ላይ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ከተማሪዎች ሁሉ ትጉሁ ተማሪ፣ ትጋቱ ራሱ ወደ ሰው በላነት አደረሰው።

ከስልሳ ዓመታት በኋላ በቀይ ጨረቃ ሌሊት ተገናኙ። ዮሪኢቺ በሃያ አምስት ዓመቱ አልሞተም፤ ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ ሆኗል። ወንድሙን አይቶ አለቀሰ። ቀጥሎ ሰይፉን መዝዞ አንገቱን ቆረጠው ለማለት ትንሽ ነው የቀረው፤ ሁለተኛው ምት ከመድረሱ በፊት ግን በቆመበት ዕድሜው አለቀ። ስልሳ ዓመት ያለ እንቅልፍ፣ ያለ እርጅና የሠለጠነ ጋኔን ከአንድ ሽማግሌ የተረፈው ሽማግሌው ስለሞተ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኮኩሺቦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ጨመረ፤ የሞተን ሰው ግን በምን ይደርሱበታል?

የጀግና ታሪክ ቢሆን ኖሮ ጥረቱ አንድ ቦታ ላይ ይከፍለው ነበር። ጎቶጌ ግን ልፋት ያልደረሰበት ከፍታ መኖሩን በድፍረት አስቀምጣለች፤ ይህን እወድላታለሁ። ያም ሆኖ ተሰጥኦ የሌለህ አርፈህ ተቀመጥ አላለችም። ዮሪኢቺ በሕይወት ሳለ ወንድሙ የእኛን ጥበብ የሚወርስ የለም እያለ ሲጨነቅ፣ እኛ ይህን ያህል የተለየን አይደለንም፣ ከእኛ የሚበልጡ ልጆች ዛሬም እየተወለዱ ነው ብሎት ነበር። ሚቺካትሱ ይህን ሲሰማ ተጸየፈ። ለዮሪኢቺ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነገር ነበር፤ ለሚቺካትሱ ግን እሱ ላይ ማብቃት ነበረበት። ዮሪኢቺ ከሞተ በኋላ ሙዛንና ኮኩሺቦ የፀሐይን ስልት የሚያውቁ ሰይፈኞችን እያሳደዱ ገደሉ። ያልጠረጠሩት አንድ ከሰል አክሳይ ቤተሰብ ብቻ ተረፈ። ዮሪኢቺ ወዳጆቹ ለሆኑት ለእነዚህ ሰዎች ስልቱን በእንቅስቃሴ አሳይቷቸው ስለነበር፣ እንደ ውዝዋዜ እየተለማመዱ ከአባት ወደ ልጅ አቆዩት። የታሪኩ ጀግና ታንጂሮ የወረሰው ይህን ነው። ታንጂሮ የዮሪኢቺ ዘር አይደለም፤ ዮሪኢቺ ልጅ አልነበረውም። ኮኩሺቦን ሲዋጋ የሞተው የአሥራ አራት ዓመቱ ሙይቺሮ ነው የሚቺካትሱ ዘር፤ ጥሏቸው ከሄደው ልጆች የወረደ። ጃምፕ ከዘር ሐረግ የሸሸበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ያለው አካዛ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው። በሙገን ትሬን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ሰው ያወቀው ያ ጋኔን፣ አጋንንት አዳኙን ሬንጎኩን ሲገጥመው መጀመሪያ ያደረገው ማድነቅ ነበር። የሰው ልጅ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ጋኔን ብትሆን ግን መቶ፣ ሁለት መቶ ዓመት ልትሠለጥን ትችላለህ አለው። ሬንጎኩ እምቢ ማለቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ እኔን ያስደነቀኝ ግን የማባበያው ዓይነት ነው። ወርቅ አላቀረበለትም፣ ዙፋን አላቀረበለትም። ያቀረበለት ልምምድ ነው። አካዛ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አያውቅም።

ለምን እንደማያውቅ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የኢንፊኒቲ ካስል ፊልም ያሳየናል። ሰው ሳለ ሀኩጂ ይባል ነበር፤ ለታመመ አባቱ መድኃኒት መግዣ እየሰረቀ ክንዱ ላይ የወንጀለኛ ንቅሳት የታተመበት ልጅ። አባቱ ሸክም ሆንኩብህ ብሎ ራሱን ሲያጠፋ፣ ኬይዞ የተባለ የትግል መምህር አግኝቶ ደበደበው፤ ከዚያም ቤቱ አስገባው፤ የታመመች ልጁን ኮዩኪን እንዲያስታምም አደራ ሰጠው። ሀኩጂ የጠነከረው በዚያ ቤት ነው። ቀን ይሠለጥናል፣ ሌሊት የኮዩኪን ላብ ይጠርጋል። ሊጋቡ ሲሉ ተቀናቃኞች ጉድጓዱን መርዘው አባትና ልጅን ገደሉበት። ሀኩጂ በባዶ እጁ ስልሳ ሰባት ሰው ጨረሰ፤ ሙዛንም በዚያው ሌሊት አገኘው። ጋኔን ሲሆን ትዝታው ጠፋ፤ ልምምዱ ግን አልተለየውም። ከመቶ ዓመት በላይ ለማን እንደሚጠነክር ሳያውቅ ጠነከረ። ስልቱን ሲዘረጋ እግሩ ሥር የሚሣለው የበረዶ ቅርጽ ኮዩኪ ፀጉሯ ላይ የምትሰካው ጌጥ መሆኑን እንኳ አያውቅም። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ሲያስታውስ፣ የመጨረሻውን ምት ያሳረፈው በራሱ ላይ ነው።

በተቃራኒው ጫፍ የዮሺሂሮ ቶጋሺ ሜሩኤም አለ። ሀንተር ኤክስ ሀንተር ውስጥ የኪሜራ ጉንዳኖች ንጉሥ ሆኖ የተወለደ፣ ዕድሜው ገና በቀናት የሚቆጠር ፍጡር ነው። የሚገጥመው ሽማግሌው ኔቴሮ ደግሞ ልፋት ሰው ሆኖ ሲቆም ነው። በአርባ ስድስት ዓመቱ ተራራ ወጥቶ፣ እያንዳንዱን በጸሎት እየጀመረ በቀን አሥር ሺህ ቡጢ መሰንዘር ጀመረ፤ መጀመሪያ አሥራ ስምንት ሰዓት የፈጀበት፣ ስልሳን ሲያልፍ ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። ያ ሁሉ ተሸነፈ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ቶጋሺ ለውልደት ፈረደ ሊል ይችላል። ንጉሡ ያሸነፈበትን መንገድ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የኔቴሮን ምቶች ጉንጊ እንደሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ እያነበበ፣ ክፍተቱን ፈልጎ ነው የገባው። ጉንጊን ደግሞ የተማረው ከዓይነ ስውሯ ኮሙጊ ጋር እየተጫወተ፣ አንድም ጊዜ ሳያሸንፋት ነው። ሁሉ ነገር በተፈጥሮ የተሰጠው ንጉሥ በሕይወቱ አንድ ልምምድ ብቻ ነበረው፤ እሱም በአንዲት ደካማ ልጅ መሸነፍ። ከዚያ ሽንፈት የተማረው ትዕግሥት ባይኖረው፣ በዚያ ፍልሚያ ኔቴሮን የሚረታ አይመስለኝም።

ብዙ የሚያከራክረኝ ግን ፍሪዛ ነው። የአኪራ ቶሪያማ ባላጋራ ፍሪዛ ናሜክ በተባለችው ፕላኔት ላይ ሲታይ የመጀመሪያ መልኩ ብቻ 530,000 የኃይል መጠን ነበረው፤ ጀግናው ጎኩ እሱን ለመግጠም በመቶ እጥፍ የመሬት ስበት ውስጥ እየተጨፈለቀ ነው የሄደው። ከሞት ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፊልም ላይ ሲመለስ፣ ዕድሜ ልኩን ሠልጥኖ እንደማያውቅ፣ አራት ወር ሲሠለጥን ግን ወርቃማ መልኩ ላይ እንደደረሰ ይናገራል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲከላከል «ጋሼ፣ ሊቅ እኮ ነው፤ ለሊቅ አራት ወር መች አነሰው?» ይለኛል። ለሌላው ሁሉ ልፋት ይህ ስድብ ነው ባይ ነኝ፤ ቢሆንም ቶሪያማ አንድ እውነት አስገብቶበታል። ወርቃማው መልክ ጉልበት ይበላል፤ ፍሪዛ ሳይለማመደው ለበቀል ስለቸኮለ እየደከመ ሄዶ ተሸነፈ። አራት ወር ከፍታውን ሰጠው፤ ከፍታው ላይ መቆየትን ግን አልሰጠውም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በሥዕላዊ ታሪኩ፣ በማንጋው፣ ፍሪዛ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ፤ ጎኩንና የትግል አጋሩን ቬጂታን በአንድ በአንድ ምት ጣላቸው። ጊዜ በተለየ በሚፈስበት ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ሠልጥኛለሁ አለ። አሥር ዓመት! ይህ ፍጡር ከዚያ በፊት አንድ ነገር ፈልጎ ከአራት ወር በላይ ሲጠብቅ አላየነውም። ቶሪያማ እ.ኤ.አ. በ2024 አርፏል፤ ማንጋውን ሲሥል የቆየው ቶዮታሮ ነው። ያን ክፍል ከፍቶ እንዲያሳየን እፈልጋለሁ፤ ፍሪዛ የመጀመሪያውን ሳምንት ምን ሲያደርግ እንዳሳለፈ፣ ሲሳሳት ማን እንዳረመው፣ በአምስተኛው ዓመት ሊተወው የፈለገበት ቀን ኖሮ እንደሆነ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፈው የተቀበሩት እነዚያ ዓመታት፣ በስተመጨረሻ ከሚጠብቀን ፍልሚያ ይልቅ እኔን ይበልጥ ያጓጉኛል።