ጣት የሚያጣምመው ቁርጥማት

ዛሬ የምናነሣው ብዙ እናቶቻችንን ከምጣድና ከውኃ ሰልፍ የሚያስቀረውን የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። እኛ ሁሉንም «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ካኩማ ውስጥ ብርድ ከየት መጣ? እርግጥ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሕመሙ የሚብስባቸው አሉ፤ መነሻው ግን ብርድም እርግማንም አይደለም።

የበሽታው ስም ሩማቶይድ አርትራይትስ ይባላል። ሰውነታችን ከጀርም የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል አለው። በዚህ በሽታ ያ ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ይወጋል። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ አጥንቱን ይበላዋል። ጣት የሚጣመመው ለዚህ ነው። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለበት፤ ሲጋራም ያባብሰዋል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. 18 ሚሊዮን ሰዎች ነበረባቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም።

ምልክቱ ጠዋት ይታወቃል። ጣቶች ግትር ብለው ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት አልታጠፍ ይላሉ። የሁለቱም እጅ አንጓና ጣቶች ያብጣሉ፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይከሳል። አውራ የእግር ጣትን በሌሊት በድንገት የሚያነደው ሪህ ሌላ ነው። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ከታመመ በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ክርን እየዘለለ ካስቸገረው ግን ልብን የሚጎዳ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰዱት።

አንዲት የተማሪዬ እናት ጨርቅ መጭመቅ አቅቷት ልጅቷ ከትምህርት ትቀራለች። እናትየው የያዘችው ከገበያ በፍሬ የሚሸጥ ዴክሳ ነው። ዴክሳ ያስነሣል፣ አልክድም። በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በዚህ በሽታ ለተያዘች ሴት የዴክሳን ዘመድ ኮርቲዞንን ሰጧት፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። በ1950 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ። ግን ደስታው አልቆየም፤ ሲያቆሙት ሕመሙ ይመለሳል፣ ሲቀጥሉት ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል። ዛሬ ሐኪሞች በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ይሰጡታል። ለብዙ ጊዜ የወሰዳችሁ ደግሞ በድንገት አትጣሉት፣ አደገኛ ነው፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

በሽታውን ራሱን የሚገታው ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ከሆነ ሰኞ። በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡር ወይም ማርገዝ የምታስብ ሴት አትወስደውም፤ ለእርሷ ሌላ አለ። ደም በየጊዜው ይመረመራል፣ አረቄም ይቅር። ሥራውን ለማሳየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃልና «አልሠራም» ብላችሁ አትወርውሩት። በሽታው በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተጀመረ ጣትን ያድናል፤ አንዴ የተጣመመውን ግን አያቃናም።

ፓናዶል ብቻ ተሰጥቷችሁ ከተመለሳችሁና እብጠቱ ካልለቀቃችሁ፣ እጃችሁ ባበጠበት ጠዋት ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ሪፈራልም ጠይቁ። እስከዚያው ጠዋት ጣቶቻችሁን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንቀሳቅሱ፣ ጄሪካኑንም ግማሽ ሞልታችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ቋንቋ ለሚያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ በደብተር ወረቀት ላይ ይጻፉላችሁ፦ የትኞቹ ጣቶች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚደርቁ፣ ከገበያ ምን እንደዋጣችሁ። ዴክሳውንም ሳትደብቁ።