«ተካክሰናል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት



ዛሬ ስለ ጉንፋንም ስለ ቫይታሚንም አልጽፍም። ስለ አንዲት ወረቀት ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፈች፣ ሦስት ምስክር የፈረመባት፣ «የሕክምና ወጪዬን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» የምትል ወረቀት ናት። ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ልጆች ወላጆች ይዘዋት ወደ ክፍሌ ሲገቡ ሆዴ ይባባል። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከፈረሙ በኋላ ነው።

ኦሎምፒያ የምትኖሩ ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ካዛንቺስ ስትሄዱ ሲፈርስና ሲገነባ የማይታይበት መንገድ የለም። ከላይ የባህር ዛፍ መወጣጫና የተቀደደ ሸራ፣ ከታች ደብተራቸውን በጀርባቸው ያዘሉ ልጆች። መከለያ ሳይሠራ፣ ለእግረኛ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ሳይበጅ አራተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ይደረደራል። ይህን የሚያደርግ ሰው ልጅ ሲጎዳ «አደጋ ነው» ይላል። እኔ ግን ቸልተኝነት ነው እላለሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀየር አድርጌዋለሁ። የ9 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከግንባታ ላይ የወደቀ ጣውላ ግንባሩን መታው። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ሳተ፤ ሁለት ጊዜ አስታወከ። በሲቲ ስካን ግንባሩ አካባቢ አንጎሉ ላይ ትንሽ ደም ታየ፤ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም። ሁለት ሌሊት ተኝቶ፣ ብስኩቱን እየበላ ወደ ቤቱ ሄደ። በአራተኛው ቀን የግንባታው ባለቤት ሰዎች ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። «ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን ነው። ክርክር ምን ያደርጋል?» አሉ። 25,000 ብር ሰጡ። አባት ፈረመ። እናት ቡና አፈላች።

ከአምስት ወር በኋላ እናቱ ወደ እኔ አመጣችው። ልጁ ይጣላል፣ ይረሳል፣ ክፍል ውስጥ ይተኛል። ትምህርት ቤቱ «ባለጌ ሆኗል» ብሎ ወላጅ አስጠርቷል። በስምንተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጣለው። አሁን በየቀኑ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል። አባት ወደ ግንባታው ባለቤት ተመለሰ። ያሳዩት ያቺን ወረቀት ነው።

በአባቱ አልፈርድም። የምቆጣው በአራተኛው ቀን በመጡት ላይ ነው።

የአንጎል ጉዳት እንደ እግር ስብራት አይደለም። የተሰበረ እግር በራጅ ይታያል፣ በጀሶ ይታሰራል፣ መቼ እንደሚድን በግምት ይታወቃል። የአንጎል ጉዳት ግን ዋጋውን በአራተኛው ቀን አይናገርም። የሚጥል በሽታ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚገኘው፤ ያኔ ቤተሰብ «አባታችን ጃጁ» ብሎ ተቀምጧል። የልጆች ደግሞ ይብሳል። ማቀድን፣ ራስን መግዛትን፣ ነገር ማገናዘብን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ እያደገ ነው። በ9 ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ጉድለቱ ጎልቶ ሊታይ የሚችለው በ13 ዓመቱ፣ ትምህርቱ ሲከብድ ነው። «ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው» ማለት እንግዲህ ምንም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛን የሐኪሞቹን ቋንቋ ላጋልጥ። የጭንቅላት ጉዳትን የምንለካው ግላስጎው በሚባለው መለኪያ ነው፤ ዝቅተኛው 3፣ ከፍተኛው 15። ከ13 እስከ 15 ያገኘውን «ቀላል የጭንቅላት ጉዳት» ብለን ካርዱ ላይ እንጽፋለን። ይህ ቃል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የነበረውን የንቃት ደረጃ ይናገራል እንጂ ስለ ልጁ የነገ ሕይወት የሚለው ነገር የለም። የከሳሽ ተከራካሪ ጠበቃ ግን «ሐኪሙ ራሱ ቀላል ብሏል» እያለ ያነበዋል። ለዚህ ነው የሥራ ባልደረቦቼን የምወቅሰው። በጥድፊያ «ደህና ነው፣ ፓራሲታሞል» ብለን የምንጽፈው አንድ መስመር ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድን ቤተሰብ ክስ ሊጥል ይችላል። ራሱን ስንት ደቂቃ ሳተ? ምን አያስታውስም? ስንት ጊዜ አስታወከ? ይህን ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ሕጉ። ሐኪም እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ታካሚዎቼ በተደጋጋሚ ስለሚጎዱበት አንብቤዋለሁ፤ ሕግ የሚያውቁ ወዳጆቼንም ጠይቄያለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል ይላል። ማፍረሻ መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። ያቺ በእጅ የተጻፈች ወረቀት «የሽማግሌ ወረቀት» ብቻ አይደለችም ማለት ነው። ያለ ዳኛ በቤታችሁ ሳሎን ውስጥ የተሰጠች የመጨረሻ ፍርድ ልትሆን ትችላለች።

ያው ሕግ ግን ለእናንተ ብዙ ነገር ይዟል። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል፤ የሲቲ ስካን ደረሰኝ ብቻ አላለም። ቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት ገና እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ ሊጠየቅበት እንደሚችል ይናገራል። የዓመታት መድኃኒት፣ ልጁን ለመጠበቅ ሥራዋን የተወች እናት ገቢ፣ ልጁ አድጎ ሊያገኘው ይችል የነበረው ገቢ ሁሉ ሊቆጠር ይገባዋል። ከሕንፃ ላይ በሚወድቅ ነገር ለሚደርስ ጉዳት ቁጥር 2080 ሕንፃውን የያዘውን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። «ሠራተኛው ነው የጣለው» የሚለው ሰበብም ቁጥር 2130 ላይ ይቆማል፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላጠፋው ጥፋት አሠሪው ይጠየቃል።

መኪና ከሆነም እንዲሁ። «ሹፌሩ ደሃ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ምን ላድርገው» ስትሉ እሰማለሁ። ርኅራኄያችሁን አከብራለሁ። ግን በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ራሱ፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ ተጠያቂ ነው። ከኋላው ደግሞ መድን ድርጅት አለ። በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ሹፌሩን ስትምሩ ብዙ ጊዜ የምትምሩት መድን ድርጅቱን ነው! አዋጁ ሲወጣ የመድኑ ጣሪያ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር ነበር፤ የዛሬውን መጠን እዚያው ጠይቁ። ዋናው ነገር ከመድኑ የሚከፈለው የካሳው መጨረሻ አለመሆኑ ነው፤ ቀሪው ከባለቤቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪናም የመድን ፈንድ አለ። ይህን ሳያውቅ «ታርጋውን አላየሁም» ብሎ ቤቱ የቀረ ስንቱ ነው!

በግንባታ ላይ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ከመወጣጫ ወድቃችሁ «አንተው ተንሸራተህ ነው» ሲሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የቀን ሠራተኛ መሆናችሁ ይህን አይለውጠውም።

ሕጉ ሁሉ መልካም ነው አልልም። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ልጇ ሲንቀጠቀጥ ለምታይ እናት ሐዘን፣ ቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ። በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበረው። ዛሬ በግል ሆስፒታል አንድ ሲቲ ስካን አያስነሳም። ከ60 ዓመት በላይ አንድ ቁጥር እንዲህ ተቀምጦ ማየት ያሳፍራል፤ የሕግ አውጪዎች ይህን ገጽ የምታነቡ ካላችሁ ለእናንተም ነው የምጽፈው።

«ሽምግልና ባህላችን ነው፣ ዶክተር» የምትሉኝን እሰማለሁ። እኔም በሽምግልና ታርቄ አውቃለሁ። ሽምግልና ግን ጉዳቱ ታውቆ፣ ሁለቱም ወገን እኩል ተቀምጦ ነው። እናት ሦስት ቀን ሳትተኛ፣ የሆስፒታል ሒሳብ ተቆልሎ፣ ባለገንዘቡ የመረጣቸው ሽማግሌዎች በር ላይ ሲቆሙ ሽምግልና አይባልም። ሽማግሌ የምትሆኑ አባቶቼም ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል፤ የጭንቅላት ጉዳት ሲሆን «የሕክምናውን ወጪ አሁን ይክፈል፣ ካሳውን ልጁ ሲለይለት እንነጋገራለን» በሉ። ይህም እርቅ ነው።

«ፍርድ ቤት ያንከራትታል» የሚለውን ግን አልክድም። ያንከራትታል። ቀጠሮ ይበዛል፣ ዳኛ ይቀየራል፣ ታክሲ ያስወጣል። የዳኝነት መክፈያ ለሌለው በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚቻል ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ቢያንስ ቶሎ አለመፈረም ሌላው ዓለምም በገንዘብ የተማረው ነገር ነው። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል (እግር ኳስ ይሉታል እንጂ በእጅ ነው የሚጫወቱት) ጭንቅላታቸው በተደጋጋሚ የተመታ በሺዎች የሚቆጠሩ ጡረተኛ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰሱ። ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ለ65 ዓመት የሚቆይ ፈንድ አለው፤ ዛሬ ደህና የሆነ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ቢታመም እንዲጠይቅ ነው። እነዚያ ሰዎች በጠበቃ የታጀቡ ናቸው። የኦሎምፒያ ልጅ ግን በአራተኛው ቀን ለዘላለም «ተካካሰ»።

ስለዚህ ከእኔ የምትሰሙት ይህን ነው፤ በአራተኛው ቀን አትፈርሙ፣ ሁለት ዓመትም አታሳልፉ። ሁለቱንም አጥብቄ የምላችሁ በምክንያት ነው። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳዩ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ የረዘመው ይሠራል፤ ግን በዚህ ተማምናችሁ አትቀመጡ። ገንዘብ አስቸኳይ ከሆነ ተቀበሉ፣ ግን በደረሰኙ ላይ «ለሕክምና ወጪ ቅድሚያ የተከፈለ» ይጻፍ፤ «ሌላ አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለ ብዕሩን አስቀምጡት።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀት ሰብስቡ። ለፖሊስ አመልክቱ፤ መኪና ከሆነ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሳያነሳ መኪናው አይነሳ። ጣውላው የወደቀበትን ቦታ፣ መከለያ አለመኖሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በማግሥቱ መከለያው ተሠርቶ ታገኙታላችሁና። የሲቲ ስካኑን ፊልምም ሲዲም ውሰዱ። የሕክምና ማስረጃ ጠይቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ያዙ፤ ራስ ምታቱን፣ እንቅልፉን፣ ንዴቱን፣ የተወቀሰበትን ቀን በቀኑ ጻፉ። ከአደጋው በፊት የነበረውን የትምህርት ቤት ውጤት ካርድ አትጣሉ። ልጁ «ድሮም እንዲህ ነበር» ሲሏችሁ የሚመልስላችሁ እርሱ ነው። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳት መጠን በመቶኛ ሲወስንም እጅና እግሩን ብቻ ሳይሆን ትውስታውንና ጠባዩን እንዲመረምር ጠይቁ።

በራሳችን በሐኪሞች ቸልተኝነት የደረሰ ከሆነስ? ያስታወከ፣ የተኛ፣ አንዱ ብሌኑ የሰፋ ልጅ ያለ ምርመራ ወደ ቤት ከተላከ፣ ቁጥር 2031 ሙያተኛ የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያስገድዳል፤ ቁጥር 2651 ደግሞ ሆስፒታሉን ለሠራተኞቹ ጥፋት ተጠያቂ ያደርጋል። ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት እንዳልሆነ ግን እወቁልኝ። በትክክል ታክሞም የሚሞት አለ።

እግረ መንገዴን፣ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንቅልፉ ከከበደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ወገኑ ከደከመ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ውኃ የመሰለ ነገር ከፈሰሰ ክሱን ተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ለጥቂት ሰዓት ደህና መስሎ ድንገት የሚወድቅም አለና የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አታስተኙት።

በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ወረቀት ቀርቦላችሁ ከሆነ ለጠበቃ ሳታሳዩ አትፈርሙ። ስለ ምልክቶቹ የምትጠይቁትን በኮሜንት ጻፉልኝ። የልጃችሁን ስምና የሕክምና ካርድ ግን እዚህ አትለጥፉ፤ ተከራካሪያችሁም ያነባል።