ስለ አንድ አስፈሪ መጽሐፍና ስለ አንባቢዎቹ

በናይሮቢ ከተማ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ቡና የመጠጣት ልማድ አለን፤ ባለፈው እሑድ ተራው የደረሳት እኅታችን ግን ሁለተኛው ሳይቀዳ ተነሥታ ከጓዳ ገባችና፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ትራስ ሥር ያገኘችውን አንድ መጽሐፍ አምጥታ በረከቦቱ አጠገብ ካኖረችው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ልጄ ይህን ማንበብ ከጀመረች ወዲህ መብራት አጥፍታ አትተኛም፤ ስጠይቃት ደግሞ የክርስቲያን መጽሐፍ ነው ትለኛለች፤ እባክዎ ይዩልኝ» አለችኝ።

መጽሐፉ ፍራንክ ፔሬቲ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው፣ ስሙንም «የአሁኑ ጨለማ» ብለን ልንመልሰው የምንችል ልብ ወለድ ሲሆን፣ ልጅቱ መካከለ ከተማ በእግረኛ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው ከሚሸጡት ነጋዴዎች ገዝታው ኖሯል። ታሪኩ የሚፈጸመው አሽተን በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። የከተማይቱ ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩት አንድ ሰባኪ ከጉባኤው ጋር ሲጣላና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ የተሰወረ ተንኮል ሲመረምር ብቻ ሲሆን፣ ከጣራቸው በላይ ግን የመላእክትና የአጋንንት ሠራዊት ሰይፍ ለሰይፍ ይተያያል፤ አጋንንቱ ትንፋሻቸው ዲን ዲን የሚሸት፣ ጥፍራቸውን በሰው ትከሻ ላይ ተክለው በጆሮው ክፉ ምክር የሚያንሾካሹኩ ናቸው፤ መላእክቱም ኃይል የሚያገኙት ምእመናን ሲጸልዩ ነው። ይህ መጽሐፍ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧልና፣ ለብዙ አገር ክርስቲያኖች ስለ ረቂቃን መናፍስት ያላቸውን ሥዕል የሰጣቸው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቡናው ዙሪያ የተሰጠው ፍርድ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። በወጣትነታቸው በጎጃም ቅኔ ቤት የዋሉ አንድ አዛውንት መጽሐፉን ሳይነኩት፣ የአጋንንትን ግብር እየዘረዘረ ሕፃናትን የሚያስደነግጥ ድርሰት ክርስቲያናዊ ሊባል እንደማይገባውና እሳት ሊበላው እንደሚገባ ተናገሩ። አንድ ወጣት ወንድማችን በበኩሉ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቦት ኖሮ፣ ልብ ወለድ የሚለው ስም ለሽፋኑ ብቻ የተሰጠ መሆኑን፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ግን መንፈሳዊው ዓለም እንዳለ የተገለጠበት መሆኑን በብርቱ ተከራከረ። ሁለቱም የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ባጭሩ ሳይሆን በሰፊው ላቅርብ።

አስፈሪ ታሪክ ከክርስትና ጋር አይስማማም የሚለው ሐሳብ በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ፊት ሊቆም አይችልም። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ሣራ የተባለችው ልጅ ሰባት ጊዜ ተድራ፣ ሰባቱንም ባሎቿን አስሞዴዎስ የተባለው ጋኔን በጫጉላው ሌሊት ገደለባት፤ የቤት ሠራተኛዋ እንኳ ባል ገዳይ ብላ ሰድባት፣ ልጅቱ ሞቷን እስክትመኝ ደረሰች። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ የጫጉላ ቤት የትኛው ደራሲ ፈጥሯል? ታሪኩ ግን በዚያ አይቆምም፤ ቅዱስ ሩፋኤል በመንገደኛ አምሳል ኋላ ከሚያገባት ከጦብያ ጋር ተጉዞ የዓሣውን ልብና ጉበት አጢሶ ጋኔኑን የሚያሳድድበትን ጥበብ ያስተምረዋል፤ ለልጅቱ ባልዋ ይተርፍላታል፤ የጦብያም ዕውር አባት ዓይን ይበራል።

ይልቁንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እናስብ። የቅምሩ ሰው ቤተ ሰቡን ሳይቀር ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ አረመኔ እንደ ነበረ፣ በውሃ ጥም የሚቃጠል አንድ ድኻ በእመቤታችን ስም ለምኖት ጥርኝ ውሃ እንደ ሰጠው፣ በፍርድ ቀንም ያች ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ሰባ ስምንቱን ነፍስ አንሥታ እንደ ተገኘች በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ሲነገር የማይሰማ ልጅ የለም። እኔ ራሴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ በደብራችን ግድግዳ ላይ የተሣለውን የበላዔ ሰብእን ሥዕል እያየሁ የእናቴን ነጠላ ጨብጬ እንቀጠቀጥ ነበር፤ እናቴም ዓይኔን አልሸፈነችውም፤ እጄን ይዛ ወደ ሚዛኑ አመለከተችኝ እንጂ። አዛውንቱ ይህን ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሥዕሉን እርሳቸውም ያውቁታልና።

እንግዲህ ድርሰትን የምንለካው በውስጡ በተቈጠሩት አጋንንት ብዛት ሳይሆን ፍርሃቱ ሰውን ወዴት አድርሶ እንደሚተወው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውም ይህንኑ ያሳያል። ያ በመቃብር መካከል የሚኖር፣ ሰንሰለት የሚበጥስ፣ ራሱን በድንጋይ የሚቈርጥ ሰው ሌሊትና ቀን ሲጮኽ የአገሩ ሰዎች ለምደውት ኖረዋል፤ ፍርሃት የያዛቸው ግን ከእርሱ የወጡት አጋንንት የገቡባቸው ሁለት ሺህ ያህል እሪያዎች ሰጥመው ሰውየው ልብሱን ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት በጌታ አጠገብ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ነበረ፤ ከአገራቸው እንዲሄድላቸውም የለመኑት ጌታን ነው። ወንጌላዊው ታሪኩን በጩኸቱ አልፈጸመውም፤ ሰውየው ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ተመልሶ ሄደ።

አሁን ወደ ወጣቱ ወንድማችን ልመለስ። ፔሬቲ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከባለ ሥልጣኖቹ ሁሉ ይልቅ ኃይለኛ ሆና የምትታየው የምትጸልይ አንዲት አሮጊት ናትና፣ ይህን የጻፈ ሰው የጸሎትን ክብር ያውቃል። ነገር ግን ከክፉዎቹ ገጸ ባሕርያት የሚበዙት ከምሥራቅ አገር የመጣ የተመስጦ ትምህርት የሚከተሉ ሰዎች መሆናቸው በአሜሪካ ገጠር ላለ አንባቢ ሩቅ ነገር ሊሆን ቢችልም፣ በፓርክላንድስ ለሚኖር አንባቢ የጎረቤቱ ጉዳይ ነው። በሰፈራችን ከሕንድ የመጡ አያቶች የልጅ ልጆች የሆኑ የሂንዱ፣ የጄይን፣ የሲክና የእስማኤሊ ቤተ ሰቦች ለብዙ ዘመን ኖረውበታል፤ ቀድሞ ፎረስት ሮድ ይባል በነበረው መንገድ ዳርም ሂንዱዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የመረቁት፣ ድንጋዩና እንጨቱ ተጠርቦ የተሠራ ታላቅ መቅደስ ቆሟል። ወጣቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ በመቅደሱ ጣራ ላይ የተቀመጡ አጋንንትን እንደሚያይ ያህል ሆኖ ሲናገር ሰማሁት፤ እጅግም አዘንሁ።

መጽሐፉ ስሙን የወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች ከላከው መልእክት፣ ከምዕራፍ 6 ቁጥር 12 ነው። ሐዋርያው በዚያ ስፍራ የሚያስተምረው መጋደላችን ሥጋና ደም ካለው ሰው ጋር አለመሆኑን ነው። እንግዲህ በዚህ ቃል የተሰየመ መጽሐፍ አንብቦ ሥጋና ደም ያለውን ጎረቤት የሚጠራጠር ሰው ከሽፋኑ ላይ ያለውን ስም እንኳ አላነበበም ማለት ነው።

ይህ ፍርሃቴ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በዚሁ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ሞይ የሰይጣን አምልኮን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁመው፣ ሊቀ መንበሩም ጳጳሱ ኒቆዲሞስ ኪሪማ ነበሩ፤ ሪፖርቱ እስከ 1999 ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆይቶ በወጣ ጊዜ፣ ሰው ይሠዋሉ፣ የሰው ሥጋ ይበላሉ የሚል ብዙ አሰቃቂ ወሬ ተሸክሞ፣ አንዳንድ የሃይማኖት ማኅበራትንም በጥርጣሬ ስም ጠርቶ ወጣ፤ ለወሬው የሚበቃ ማስረጃ ግን አላቀረበም። እኛም በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ቤተ እስራኤሉን ቡዳ እያልን ከማዕዳችን አርቀን የኖርን ሕዝብ ነን፤ ቀን በሠራው ማረሻ አርሰን በላን፣ ማታ ጅብ ይሆናል ብለን ፈራነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ይህ ክፉ ልማድ አገሪቱን እንደ ጐዳት አይተው ነው። አጋንንት መኖራቸውን አልክድም፤ ወንጌልን የሚያምን ሁሉ አይክድም። ነገር ግን ፍርሃት የጎረቤትን ፊት ከለበሰ በኋላ እርሱን ማውለቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል መጽሐፉን ያነበበችውን ልጅ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አስጠራኋትና ያስፈራት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የአጋንንቱ ጥፍርና ክንፍ ብዙም እንዳላስጨነቃት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ጋኔን የተሸከሙት ሰዎች እንደ ተሸከሙት አለማወቃቸው ግን እንቅልፍ እንደ ነሣት ነገረችኝ። ቀጥላም አንገቷን ደፍታ፣ ከእነርሱ ፎቅ በታች የሚኖሩትን፣ በሂንዱዎች የዲዋሊ በዓል ሰሞን በደጃፋቸው ኩራዝ ደርድረው ለልጆቹ ጣፋጭ የሚያድሉትን አሮጊት ሰላም ማለት ካቆመች ሁለት ሳምንት እንደ ሆናት ተናገረች። እናቷ ይህን አታውቅም ነበር። ወጣቱም ወንድማችን ዝም አለ።

ያች ልጅ ያጣችው አብሯት የሚያነብ ሰው ነው። የአገራችን ሊቃውንት አንዱን ቃል አንሥተው አንድም እያሉ ከደቀ መዝሙር ጋር ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩት፣ ቃል ብቻውን ከሆነ አንባቢ ጋር በጨለማ ሲገናኝ ወዴት እንደሚወስደው ስለሚያውቁ ነው። ለዚህም ከቅርብ የሚገኝ ምስክር አለ። በሰፈራችን ዳር የሚያልፈው የሊሙሩ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወዳረፈው ወደ ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የትውልድ አገር የሚወስድ ነው። ንጉጊ ከ1977 ማለቂያ ጀምሮ ያለ ፍርድ በካሚቲ ወኅኒ ታስሮ ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ቋንቋ የጻፈው ልብ ወለድ ስሙ «ሰይጣን በመስቀል ላይ» ይባላል፤ በእርሱም ቡትቶ የለበሱ ድኾች ሰይጣንን ሲሰቅሉት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉ ልብስ የለበሱ ባለጠጎች ከመስቀሉ አውርደው ነፍስ ሲዘሩበት ይታያል። መጽሐፉ በ1980 በታተመ ጊዜ የመጀመሪያው 5,000 ቅጂ አልበቃ ብሎ በዚያው ዓመት ደጋግሞ ታተመ፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበለት፣ በየቤቱ በቤተ ሰብ መካከል፣ በመጠጥ ቤትም ድምፁ ባማረ አንባቢ አፍ ተሰማ፤ አንባቢውም ብርጭቆው ሲጐድል ንባቡን ገታ አድርጎ እስኪሞላለት ይጠብቅ እንደ ነበር ደራሲው ራሱ ጽፏል። የሚያስፈራው ነገር በብዙ ጆሮ መካከል ሲነበብ ይጠየቃል፣ ይተረጐማል፣ ይሳቅበታልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በልጃችሁ ትራስ ሥር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብታገኙ አትቅደዱት፤ እውነት ነው ብላችሁም አትተዉት፤ ሳሎን አምጡትና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አብራችሁ አንብቡት። እኛ በመጪው እሑድ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንጀምራለን፤ አዛውንቱም መጽሐፈ ጦቢትን ይዘው ሊመጡ ቃል ገብተዋል። ልጅቱ ትናንት ማታ እንጀራ በሰሐን ይዛ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዳ ነበር።