የምርምር ውጤት ለሕዝቡ ይመለስ

ምርምር የሚጀምረው በቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ፤ እንዶድም የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ። በድሬዳዋ አጠገብም የሐርላ ገበሬዎች ከመሬታቸው ሲያወጡት የኖሩት ሸክላና ሳንቲም ተመራማሪዎችን መራ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ቁፋሮ ከማዳጋስካርና ከቻይና ሳይቀር ዕቃ ይመጣለት የነበረ ጥንታዊ ከተማ ታወቀ።

በአንጻሩ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ የገባው ፕሮሶፒስ የአፋርንና የሲቲ ዞንን ግጦሽ ወሯል። ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን በእበቱ ያዛምታል። ዛፉ የትኛውን ግጦሽ መቼ እንደያዘ ከአርብቶ አደሩ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለሆነም አዲጋላን በመሰለ ሥፍራ ተመራማሪ ሲመጣ መንገድ ማሳየትና ለመጠይቅ መልስ መስጠት ብቻ አይበቃም። የማኅበራት መሪዎች የሕዝቡን ዕውቀት አሰባስበው ማቅረብ፣ ውጤቱም በሶማሊኛ በጉባዔ እንዲነገር አስቀድመው መጠየቅ ይገባቸዋል። ባለቤቱ ያልሰማው ጥናት ግጦሽ አያድንም።