ሞጁልና ዱቡሻ፦ ማኅበራዊ ሳይንስን በርቀት ይማሩታል?

ይማሩታል
(ከብርብር፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት)

ሶሲዮሎጂን የተማርኩት አጎበር ውስጥ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ የስልኬን መብራት ትራስ ላይ አስደግፌ። አጎበሩ ለወባ ነው፤ ምዕራብ ዓባያ የኖረ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ከሞጁሎቼ አንዱ ላይ የሙዝ ውኃ ፈስሶበት ነበር። የሙዝ ውኃ የነካው ነገር አይለቅም፤ ሦስተኛው ምዕራፍ እስከ ዛሬ እንደጠቆረ ነው።

“አርባ ምንጭ እዚሁ አይደል፣ ለምን ዩኒቨርሲቲ አልገባሽም?” ይሉኛል። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እውነት ነው። ለገበያ ቅርብ ነው። ደመወዟን ትታ፣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ጥላ ለዓመታት መቀመጥ ላለባት ሴት ግን አርባ ምንጭም ሶዶም አዲስ አበባም እኩል ሩቅ ናቸው። የመደበኛው በርም ሰፊ አልነበረም። መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ቅበላው 70 በመቶውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚል ቀመር ይዞ ነበር። በዚያ በር ያላለፈ ሁሉ ማሰብ የማይችል ሰው አይደለም።

ደግሞ ማኅበራዊ ሳይንስ ቤተ ሙከራው የት ነው? ስለ ግጭት አፈታት የሚያወራው ሞጁላችን ምሳሌዎቹን በሙሉ ያመጣው ከባሕር ማዶ ነበር። እኔ ሳነበው ዓይኔ ላይ የነበረው መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው፤ ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱበት ጊዜ። የከተማ ተማሪ ይህን በስላይድ ያየዋል። ለእኔ እንደነዚያ ያሉ አባቶች ጎረቤቶቼ ናቸው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበትን፣ የሚካሰስበትንና የሚታረቅበትን አደባባይ፣ ዱቡሻን፣ ለማጥናት ኦቾሎ ድረስ መጥቷል። መጽሐፉ በ1983 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እሱ ከፓሪስ ወደ እኛ ሲመጣ ትምህርት ከሆነ፣ እኔ እዚሁ ተቀምጬ መጽሐፉ ወደ እኔ ቢመጣ ነውሩ ምንድን ነው?

ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ሲያገኙ፣ በ1981 ዓ.ም.፣ ገና እስር ላይ ነበሩ። “በርቀት ነው የተማሩት” ብሎ ያጣጣላቸው ሰው አልሰማሁም።

አይማሩትም
(ከአርባ ምንጭ፣ ለዓመታት የርቀት ተማሪዎች ቱቶር የነበረ)

እህቴ፣ የአጎበሩን ነገር ሳነብ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ከአንቺ ትጋት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ አንቺን ከአጎበርሽ ጋር ብቻሽን ከተወሽ አሠራር ጋር ነው።

ቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል ለመስጠት በአንቺ በኩል ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ለአንድ ሙሉ ኮርስ የሚሰጠን ሁለት ቀን ነው። ከአርባ ተማሪ አሥር ከመጣ ደስ ይለናል። የመጣውም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ “መምህር፣ ከየትኛው ምዕራፍ ይወጣል?” አልፈርድባቸውም፤ ጥያቄ ለመጠየቅ መጀመሪያ ከሰው ጋር መከራከር ያስፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ ሲከራከር ያዩት ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ደረሰኝ። ሽፋኑ ላይ “በምዕራብ ዓባያ ወረዳ” ይላል። ገጽ 14 ላይ ስደርስ “የጥናቱ ወረዳ ዋነኛ የገቢ ምንጭ ቡና ነው” ይላል። ቡና! ከመስኮቴ ሥር ሙዝ የጫነ አይሱዙ እያለፈ። ልጁን ጠርቼ “ቡናው የት ጋ ነው?” አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ኋላ ግን አፈርኩ። ኮሌጁ ውጤቱን ሰጠው፤ እኔም የቱቶርነት ክፍያዬን ተቀብዬ ሄድኩ።

ሒሳብ ቢሆን ኖሮ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ አለ፤ ብቻሽን ሠርተሽ ብቻሽን ታርሚያለሽ። ሶሲዮሎጂ ከጀርባው መልስ የለውም። “የገጠር ሴት መሬት አትወርስም” ብለሽ ስትጽፊ ተነሥቶ “ማን አለሽ? የትኛዋ ሴት?” የሚልሽ ሰው ከሌለ የጻፍሽው ሐሳብ ሳይሆን ሐሜት ነው። ዱቡሻን ያነሣሽው አንቺው ነሽ። ዱቡሻ ላይ በደብዳቤ የሚከራከር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ማንዴላንም ቢሆን ግማሹን ነው የነገርሽን። ሮበን ደሴት ላይ እስረኞቹ የኖራ ድንጋይ እየፈለጡ እርስ በርስ ይማማሩ ነበር። መምህር አጡ እንጂ ተሟጋች አላጡም።

ቁጥርም ልጨምር። ትምህርት ሚኒስቴር በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ ከወራት በኋላ በቅድመ ሁኔታ የፈቀደው በጥራት ስም ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አጠቃላይ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62.37 በመቶው፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 በመቶው ብቻ ማለፊያውን አገኙ። ርቀት ትምህርት ከግል ተቋማት ዋና ገበያዎች አንዱ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ።

የብርብሯ መምህርት መልስ

መምህር፣ በቁጥሩ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ያ 17.2 በመቶ የግል ተቋማትን በጅምላ የሚናገር ነው፤ ቀን የተማረውም ማታ የተማረውም እዚያው ውስጥ ነው። በገጽ ለገጽ ትምህርት የሚምሉ ከሆነ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አይርሱ። አብዛኞቹ በየቀኑ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የተቀመጡ ልጆች ናቸው።

የቡናው ጽሑፍም ያስቃል። ግን ጽሑፉን ጽፎ የሸጠለት ቤት ደንበኞቹ የርቀት ተማሪዎች ብቻ ናቸው? ውጤቱንስ የሰጠው ማን ነው? ልጁ ብቻውን አልዋሸም፣ መምህር።

አሁን ወደ ተሟጋቹ። እኛ አምስት ነበርን፦ ሁለት መምህራን፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ ፖሊስ፣ አንዲት የቀበሌ ሠራተኛ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአንዳችን ግቢ ማንጎ ሥር እንቀመጣለን። አንድ እሑድ እርስዎ በምሳሌ ያነሡት የመሬት ውርስ ጉዳይ ወጣ። ሞጁሉ “የባህል ተጽዕኖ” ይላል። ፖሊሱ “ሕጉ እኩል ነው ይላል፣ ሴቶቹ ራሳቸው አይከሱም” አለ። የግብርናው ሰው “የሚከሱበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?” አለ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተጯጯሁ። የሽፈራው ሻይ ይዘው የመጡት የቤቱ እናት፣ እማማ፣ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና እንዲህ አሉ፦ “እኔ ድርሻዬን ለወንድሜ ተውኩት። ስላልደረሰኝ አይደለም። ባሌ ቢያባርረኝ የምገባበት በር እንዳይዘጋ ብዬ ነው።”

ጸጥ አልን። “የባህል ተጽዕኖ” ያልነው ነገር የእማማ ስሌት ነበር፤ በመሬት የተገዛ መጠጊያ። ይህን የትኛው አዳራሽ ነበር የሚነግረኝ?

የቱቶሩ መልስ

እህቴ፣ እማማ አሸንፈውኛል። ለእሳቸው እጅ እሰጣለሁ፣ ለርቀት ትምህርት ግን አይደለም። ማንጎውን የተከለው ኮሌጁ አይደለም። አምስታችሁን ያገናኘው የከተማው ትንሽነት ነው፤ ክፍያውን የሰበሰበው ግን ኮሌጁ ነው። የቡናው ልጅም የዚያው ወረዳ ልጅ ነው፣ የከፈለውም እንዳንቺው ነው፣ የሚቀመጥበት ጥላ ግን አላገኘም። የሁለታችሁም ዲግሪ ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ነው። ቀጣሪያችሁ ማን ማንጎ ሥር እንደተከራከረ በምን ይለየው?

ካነሣሽው አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእማማን ቃል መመረቂያ ጽሑፍሽ ውስጥ አስገብተሽው ነበር? አማካሪሽስ ምን አለ፣ ወይስ “ምንጭ የለውም” ተብሎ ወጣ?